ቀጠሮ የተያዘለት ለቅሶ

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2020

ወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ የቶሮንቶ ብርድ እንዳልበረታብህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ሀኒ ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን። ሀኒ ትምህርቷን ከመኝታ ቤቷ በኮምፒውተር ትማራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ጫማ መሸጫ ትሠራለች፣ እኔን እናቷን ለማናገር ግን ጊዜ የላትም።

መጀመሪያ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ጥጋብ ይዞኝ አይደለም። "ኤኤልኤስ ይባላል፣ ጡንቻ የሚበላ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም" ብለህ እንደ ዜና አንባቢ ስትነግረኝ ምን ልበል? ጮህኩ፣ አንተም ጮህክ። ከዚያ ወዲህም በደወልን ቁጥር መጨረሻችን ጩኸት ሆነ። ስለዚህ "ስልክ ይቅርብን፣ በደብዳቤ እንነጋገር" ያልከውን ተቀብያለሁ። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ እንደገና ደብዳቤ ጸሐፊ ልታደርገኝ ነው። ፊደል ብስት እንዳትስቅ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። "አንቺ ሰው ሲሞት የምታዪ ነሽ፤ ሳትደብቂ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚሞቱት?" ብለሃል። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አንተ ሰውዬ? ግን እውነቱን ልንገርህ። ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ከኤፕሪል ወዲህ ከኔ ፎቅ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ሄዷል። አንዳንዱ እንቅልፍ እንደወሰደው ነው የሚሄደው። አንዷን ሴትዮ ልጆቿ መስኮቱ ውጭ ቆመው እያዩዋት፣ እኔ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት ሄደች። አንዱን ደግሞ ልጁ "የሚቻለው ሁሉ ይደረግለት" ብሎ ስለፈረመ ሦስት ሳምንት በማሽን አቆዩት። የእሱን አሟሟት ለጠላቴም አልመኝም። ይኸው ነገርኩህ። ለምን እንደጠየቅከኝ ግን አልነገርከኝም፣ ደስም አላለኝም።

ልምጣ ብዬሃለሁ። ድንበሩ ዝግ ቢሆንም ወንድም ለታመመበት ያስገባሉ፣ አንተ የምትፈርመው አንድ ወረቀት ግን አለ። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ፈርመህ ላክልኝ። ለሰው አልተናገርኩም፣ ቸርችም "ወንድሜን ትንሽ አሞታል" ብቻ ነው ያልኩት።

እህትህ ቆንጂት


ቶሮንቶ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2021

ቆንጂዬ፣

እጄ እንዳልሆነ ጽሕፈቱን አይተሽ አውቀሻል። እስክሪብቶ መያዝ ካቆምኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የምትጽፍልኝ ሮማን ትባላለች፣ ከበታቼ ፎቅ የምትኖር፣ ነርስነት የምትማር የሐዋሳ ልጅ ናት። የምለውን እንዳለ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። (አላስማሉኝም፤ ግን እንዳለ እጽፋለሁ። ሮማን ነኝ።)

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። የዘገየሁት የምጽፈውን አጥቼ ሳይሆን አንቺ ስታነቢው እየታየኝ ነው።

ስለ አሟሟት የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። እዚህ አገር ሕጉ እንደኔ ላለ ሰው ይፈቅዳል። ታመለክቻለሽ፣ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ መጥተው ይጠይቁሻል፣ ከተስማሙ በመረጥሽው ቀን ሐኪሟ ቤትሽ ድረስ መጥታ መርፌ ትወጋሻለች፣ ያበቃል። አመልክቻለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም "ያስገደደህ ሰው አለ?" አለኝ። የለም። አንቺም ይህንኑ ስለምትጠይቂኝ አስቀድሜ መለስኩልሽ። ከፎቄ አንዲት ባልቴት አምና በዚሁ መንገድ ሄዳለች፤ ከልጆቿ ጋር አይስክሬም በልታ፣ ስቃ።

ሕመሙን እችለዋለሁ። አለመራመዱንም ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት መታጠቡን ነው። መንግሥት የሚልክልኝ አጣቢ በየቀኑ ሌላ ሰው ነው። ባለፈው አንዱ ግማሽ ሰውነቴን አጥቦ፣ ሰዓቱ ስላለቀ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ሳሙናው ደረቴ ላይ እንዳለ ደርቆ አመሸ። አንቺ ደግሞ "እኔ አጥብሃለሁ" ልትዪ ነው። እናታችን ስትሞት አራት ዓመትሽ ነበር፤ በቆርቆሮ ሳፋ ያጠብኩሽ እኔ ነኝ። በአንቺ እጅ ተገላብጬ ልታጠብ? ከዚያ በፊት ብሄድ እመርጣለሁ። ወረቀቱን ያልፈረምኩት ለዚህ ነው። ይቅር በዪኝ።

ወንድምሽ ሰይፉ


ኮሎምበስ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2021

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታ ይቆየኝ። ደብዳቤህን የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከመኪናዬ ስላልወረድኩ ሱፐርቫይዘሬ ኮል አደረገችኝ። "ካር ትራብል" አልኳት።

ነፍስ የሰጪው ናት፣ ይሄን እኔ አልነግርህም፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ስለዚህ ስብከቱን ትቼልሃለሁ። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። እኔ በቀን ስምንት ሰው አጥባለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው መታጠብ ሲፈልግ ክብሩ የሚያልቅ ከሆነ፣ እኔ እነዚህን ዓመታት ምን ሳጥብ ኖርኩ? ሬሳ ነው ሳጥብ የኖርኩት?

ሚስተር ዋልተር የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው አሉኝ። ጀርባቸውን ሳሽላቸው ይዘፍናሉ፣ ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነው። የካናዳውን ሕግ ቲቪ ላይ አይተው፣ ጉብኝት ሲፈቀድ ለመጣው ልጃቸው "ኦሃዮም ቢፈቅድ እኮ አንተን አሳርፍህ ነበር" አሉት። ልጁ "ኧረ አባዬ!" እስኪል ጠበቅኩ። ስልኩን እያየ ዝም አለ። ሽማግሌው ደግሞ እሱን እሱን ያያሉ። ያን ዝምታ ብታየው ጋሼ! ሕጉ እዚህ የለም፣ ሐሳቡ ግን ክፍላቸው ገብቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲታጠቡ አይዘፍኑም፣ "ቶሎ ጨርሺ፣ ሥራ አለብሽ" ይሉኛል።

በአንተም ላይ እንዲህ ዝም ያለ ሰው አለ? ወይስ "ኧረ ጋሼ!" የሚልህ አጠገብህ ስለሌለ ነው? ይኸው እኔ እላለሁ፦ ኧረ ጋሼ! ወረቀቱን ፈርም።

ቆንጂት


ቶሮንቶ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2021

ቆንጂዬ፣

በመካከል የላክሻቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ሮማን እያለቀሰች ስላነበበችልኝ ግማሹ አልገባኝም። (እውነት ነው።)

ለሚስተር ዋልተር ሰላምታ በዪልኝ። በእሳቸው አልፈርድም፣ ስለ እሳቸውም አልናገርም። የምናገረው ስለ ራሴ ነው። አንቺ የምታጥቢያቸው ሬሳ አይደሉም። እኔ ግን ደክሞኛል፣ ይኸው ነው።

ፈቃዱ መጥቷል። የሁለቱም ሐኪሞች ፊርማ አለበት። እጄ ከገባ ወዲህ ምሽት ምሽት ይይዘኝ የነበረው ፍርሃት ለቆኛል፣ እህል ይበላልኛል። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። የበሩ ቁልፍ ኪሴ ስለገባ ነው።

ቀኑ ጁን 12 ነው፣ ረፋድ ላይ። ቅዳሜ ያደረግኩት አስቤበት ነው። እናንተ ጋ ሰው ሁሉ መጋዘንና ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ ለለቅሶ ብሎ ሺፍቱን እንዳያጣ ብዬ ነው። ሐኪሟን "ቅዳሜ ይመቻል?" ስላት ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ብዙ አየችኝ።

ወረቀቱን አልፈርምም። አንቺ በበሩ ከገባሽ መሄድ እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ሮማንም ምስክር ሆና አልፈርምም ብላ ሌላ ሰው ፈልጌያለሁ፣ ተቀይሜያት ነበር፣ ታርቀናል። እስኪያልፍ ለማንም አትንገሪ። አዝነሽብኛል?

ሰይፉ


ኮሎምበስ፣ ሜይ 16 ቀን 2021

ወንድም ጋሼ፣

አዝነሽብኛል ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ አዝኜብሃለሁ። ግን ከዚህ በኋላ አልሟገትህም። ደክሞኛል አልክ፣ እኔ ደክሞኛል ሲሉኝ የማምን ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰው አትንገሪ ያልከውን ማድረግ አቃተኝ። እኛ እኮ መርዶ የምንረዳው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው፣ አንቺን መሃል አስቀምጠው፣ ጮኸሽ ስትወድቂ የሚይዝሽ እጅ ተዘጋጅቶ። እኔ ግን መርዶዬን ከሟቹ እጅ ተቀበልኩ፣ ያውም ከነሰዓቱ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ይሄን ተሸክሜ ሺፍት ገባሁ፣ ወጣሁ። ላልቅስ ብል ገና ነው። ልሳቅ ብል እንዴት ብዬ? የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ሳነሳ "ይሄ ሳያልቅ ጋሼ የለም" እያልኩ መደብር ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ ለጋሽ ከተማ ነገርኳቸው። የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ካርቱም አብራችሁ ነበራችሁ አሉ፣ ለምን አልነገርከኝም? እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "እንግዲህ አንቺን ለብቻሽ አንተውሽም፣ በሰዓቱ እንመጣለን" አሉ። ጁን 12 ረፋድ ላይ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ቤቴ ጓሮ ድንኳን ይተከላል። ለቅሶ በቀጠሮ! ወይ ጉድ! የዕድሩ አልቃሽ እትዬ እናናዬ "በዕድሜዬ ለሞት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም" ብለው አማተቡ።

አንድ ልለምንህ። ያን ቀን ሮማን እንዳትደውልልኝ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፣ ስልኩ ሲጠራ መስማት አልችልም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም።

እወድሃለሁ። ይሄን በቤታችን ማንም ለማንም ብሎ አያውቅም፣ እኔ ልበልህ።

ቆንጂትህ


ኮሎምበስ፣ ጁን 14 ቀን 2021

ወንድም ጋሼ፣

አንተ ሰውዬ! አንተ ጉደኛ! ምን ብዬ ልጀምር? ከትናንት ወዲያ ሞተህ ነበር!

ፖስታ ቤትን ከእንግዲህ አላምነውም። ይሄን ጽፌ እንደጨረስኩ ፎቶ አንስቼ በሮማን ስልክ እልከዋለሁ። ሮማን እንዳለ ታንብብልህ፣ አንድ ቃል እንዳትዘል።

የሆነውን ልንገርህ። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ሁሉም ኦፍ ወጥተው ነበር፤ ቅዳሜ ማድረግህን ሲሰሙ ብዙዎቹ መኪናቸው ውስጥ ነው ያለቀሱት። የቸርቼ ሰው መጣ፣ የዕድሩ ሰው መጣ፣ ፓስተራችንም መጡ፣ ምን ብለው እንደሚጸልዩ ግን ጨንቋቸው ነበር። ሰዓቱ እስኪደርስ ሁሉም ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ደግሞ መሬት መሬት አያለሁ። ልክ ሲሞላ እትዬ እናናዬ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አደግድገው ተነሡ፦

ሰይፉ የቆንጂት ጋሼ፣ የሩቅ አገር ሰው፣
ቀን ቆርጦ መሄድን ማን አስተማረው?

ከዚያ የሆንኩትን አላውቀውም። ሀኒ ናት የያዘችኝ። አማርኛ ይከብደኛል የምትለው ልጄ "እማዬ፣ እማዬ" እያለች ነበር።

ጋሽ ከተማ ለመናገር ተነሡ። እሳቸው ሲናገሩ ሁልጊዜ ስብሰባ ነው የሚመስለው፣ በዚያ ቀን ግን አልመሰለም። እንዲህ አሉ፦ "ካርቱም ታይፎይድ ያዘኝ። ሆስፒታሉ ወረቀት የለህም ብሎ አባረረኝ። ሰይፉ ካወቀኝ ገና ሳምንቱ ነበር። አርባ ቀን በጀርባዬ ስተኛ አጠበኝ። ከሥሬ የወጣውን ሁሉ በእጁ አጠበ። እናቴ እንኳን እንዲህ አላጠበችኝም። አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም፣ እያጠበኝ ያፏጭ ነበር። ሦስት ልጅ የወለድኩት፣ እዚህ የቆምኩት በዚያ ውሃ ነው።" ከዚያ ተቀመጡና እንደ ሕፃን አነቡ።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት እህትህ ሆኜ አልነገርከኝም!

ሌላም ብዙ ሰው ተናገረ። ፎርም እንዴት እንደሚሞላ በስልክ ያስረዳኸው ልጅ፣ ለጥገኝነት ጉዳዩ ቃሉን የተረጎምክለት ሰውዬ፣ ሁሉም። ማንም "አስቸገረን" አላለም። ማንም። ሬሳ ውሸት ያስወራል እንዳትለኝ፣ እኔ እያየሁ ነበር።

አሁን ስማ። ሰው እያለቀሰ የፖስታዋ ሴትዮ በግቢው በር ገባች። ቁምጣዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ሕዝቡን ስታይ "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለች በጥፍሯ ሄዳ ፖስታውን ለሀኒ ሰጠቻት። ሀኒ አየችው። "ማሚ፣ ኢትስ ፍሮም አንክል ሰይፉ" አለች። የመሰናበቻ ደብዳቤ ነው ብለን ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። እኔ መክፈት አልቻልኩም። ጋሽ ከተማ መነጽራቸውን ጠርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦

"ቆንጂዬ፣ ቀኑን በአንድ ሳምንት ገፋሁት። ሮማን የነርስነት ፈተናዋ ሰኞ ጁን 14 ነው፤ ቅዳሜ እጄን ይዛ ሰኞ ምን ብላ ትፈተናለች? ስለዚህ ለጁን 19 አዛውሬዋለሁ። ለሰዎቹ ሁሉ ንገሪልኝ፣ በከንቱ ኦፍ እንዳይወጡ። ይቅርታ።"

ደብዳቤው ጁን 2 የተጻፈ ነው! አሥር ቀን መንገድ ላይ ነበር!

እትዬ እናናዬ "ምንድን ነው ያነበብከው? አልሞተም ነው የምትለኝ?" አሉ። ጋሽ ከተማ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "አልሞተም" አሉ። እኔ ስልኬን አንስቼ ለሮማን ደወልኩ፣ በስልክ አንነጋገርም ያልነውን ጥዬ። "አለ?" አልኳት። "አሉ፣ ሾርባ እየጠጡ ነው" አለችኝ። የሰማኸው ጩኸት ያ ነበር ጋሼ። እልልታ ነበር! እትዬ እናናዬ ራሳቸው ናቸው ያስነኩት፣ በዚያው በለቅሶ ነጠላቸው። ሰው ሰውን አቅፎ ይዘላል። ፓስተራችን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "አሁን ምን ብዬ እንደምጸልይ አውቃለሁ!" አሉ። ጎረቤታችን አሜሪካዊው ሰርግ መስሎት "ኮንግራጁሌሽን" አለኝ። "ቴንኪው" አልኩት።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ለለቅሶ የተሠራው ምግብ ተበላ። ሊመሽ ሲል ጋሽ ከተማ ተነሥተው "ዕድሩ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተክልም፣ ይሄንን ለሰይፉ ጻፊለት" ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ጁን 19 የፊታችን ቅዳሜ ነው። አትሙት ብዬ አልጮህብህም፣ አልሟገትም ብያለሁ። የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ደግሞ ለራስህ መልስ። ጋሽ ከተማ ሸክም ነበሩ? ያን ውሃ ስታቀርብ "ይሄ ሰውዬ ቢሞት ይሻለው ነበር" ብለህ ነበር?

ቆንጂት


ቶሮንቶ፣ ጁን 21 ቀን 2021

ቆንጂዬ፣

ሮማን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። በመጀመሪያው እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አለቀሰች። በሁለተኛው እሷ ሳቀች። ሦስተኛውን አንናገረውም።

ከተማ ሸክም ነበር ወይ? ለዚህ መልስ አራት ቀን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። ካርቱም ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። አገር የለኝም፣ ሥራ የለኝም፣ ስምም የለኝም፣ ቁጥር ነበርኩ። ጠዋት ስነሣ ግን የማጥበው ሰው ነበረኝ። ውሃ ፍለጋ እወጣለሁ፣ አገኛለሁ፣ እንደ ሚኒስትር እኮራለሁ። የማፏጨው ደስ ብሎኝ ነው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያን ጊዜ ሰው ሆኜ አላውቅም። ከተማ እምቢ ብሎኝ፣ "ነውር ነው፣ አትንካኝ፣ ልሙት" ቢለኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ይነፍገኝ ነበር። ብሎኝም ነበር፣ መጀመሪያ ቀን። በጥፊ ነው የመታሁት።

አንቺን ምን ስነፍግሽ እንደከረምኩ ገባኝ። በጥፊ የሚመታኝ አጠገቤ ስላልነበረ ነው ሳይገባኝ የቆየው።

ቅዳሜ ሐኪሟ በሰዓቷ መጣች። "ዛሬ አይሆንም" አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቦርሳዋን ዘግታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ምን ተፈጠረ?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ፖስታዋ ሴትዮ፣ ስለ እልልታው። ምላሴ ሲጎተት ሮማን እየደገመችላት፣ ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት ሳቀች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "ደስ ብሎኛል" አለች። ክፉ ሰው አይደለችም ቆንጂዬ፣ በጸሎትሽ አትርገሚያት።

ወረቀቱን ፈርሜያለሁ። እጄ ስለማይዝ ሮማን አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ አሳርፋዋለች፣ ፖስታው ውስጥ አለ፣ ፎቶውንም ልካልሻለች። ነይ።

ሰይፉ

(ፈተናዬን አልፌያለሁ! የተነገረኝ ዛሬ ነው። ጋሽ ሰይፉ "ይህን ከላይ ጻፊው" ብለውኝ ነበር፣ አፈርኩ። ሮማን)


ቶሮንቶ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2021

በለቅሶዬ ላይ ለተገኛችሁ የፎረስት ፓርክና የአካባቢው ወገኖቼ ሁሉ፣

በሐዘን የደረሰን ሰው ማመስገን ደንብ ነው። የሚያመሰግነው ሁልጊዜ ቤተሰብ ነው፣ ሟች አመስግኖ አያውቅም። እኔ ዕድሉ ስለገጠመኝ በራሴ አፍ ላመስግን። እጄ ስለማይዝ የምጽፈው በእህቴ በቆንጂት እጅ ነው፣ ንግግሬም ስለተጎተተ ጊዜ ይወስዳል። (እጄን ዛለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚያስጽፈኝ። ቆንጂት)

ጁን 12 ቀን ሺፍታችሁን ትታችሁ ድንኳን ስለተከላችሁልኝ፣ ስላለቀሳችሁልኝ፣ ደግሞም ለቅሶውን በልታችሁ ስለጨረሳችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ እናናዬ፣ ቀን ቆርጦ መሄድን ማን አስተማረው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ማንም አላስተማረኝም እትዬ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የተማርኩት።

ከተማ፣ አርባ ቀን ያልከው ውሸት ነው፣ ሃያ ስድስት ቀን ነው። አንተ ከድሮም ማጋነን ትወዳለህ። ሳህን ወርውረህ ግንባሬን የፈነከትከውን ግን ለሕዝቡ አልነገርክም። ጠባሳው አለ፣ ቆንጂት አይታዋለች።

አንዳንዶቻችሁ "ፈቃዱን ቀደድከው ወይ?" ብላችሁ ልካችሁብኛል። አልቀደድኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሕጉን እንድረግምላችሁ የምትፈልጉም አላችሁ፣ እሱንም አላደርግም። ከፎቄ የነበረችው ሴትዮ በሰላም ሄዳለች፣ እኔ በእሷ ላይ ዳኛ አይደለሁም። ቆንጂት በዚህ አትስማማም፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንጣላለን፣ ተመስገን፣ በአካል። (ሦስት ጊዜ።) ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱ ሐኪሞች ብዙ ጠይቀውኛል፤ ሕመሙን፣ አእምሮዬን፣ ያስገደደኝ ሰው መኖሩን። "ማን ቢያጥብህ ትኖር ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። የእነሱ ጥፋት አይደለም፣ ፎርሙ ላይ ስለሌለ ነው። እናንተ ጋ በየቤቱ እንደኔ ተቀምጦ ቀን የሚቆጥር ሰው ካለ፣ ድንኳኑን ሳይሞት ትከሉለትና ይህን ጠይቁት።

ከአንድ ወር በላይ ሆኖኛል ከእህቴ ጋር ስኖር። በሽታው አልቆመም፣ በየሳምንቱ ከሰውነቴ አንድ ነገር ይወስዳል፣ ነገ ምን እንደሚወስድ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ልታጥበኝ ስትገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ሥራዋን ታውቃለች፣ ፎጣውን አልብሳኝ፣ ውሃውን በክርኗ ለክታ፣ ጀርባዬን ያዘችና ምንም ሳትል ማፏጨት ጀመረች። ዓይኔን ገለጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተኩራርቼ አላውቅም።

ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ግን "ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጋሼ፣ ሰው አታሰልች" ትለኛለች። እሺ ብያለሁ። እስክሪብቶዋን ልታስቀምጥ ነው፣ እኔም ልታጠብ ነው።

ያለቀሳችሁለት
ሰይፈሥላሴ